ስለ ስልክና ስለ ኮምፒዩተር እድሳት፤ ማኅተም ሳይመረምሩ አለመቀበል

ቀድሞ በአንድ ቤት ውስጥ የከበረ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው በሣጥን ነበር። የቦታው ውል፥ የብድሩ ደረሰኝ፥ የዘመድ ደብዳቤ፥ የሟች ፎቶግራፍ፥ ለክፉ ቀን የተቈጠበ ገንዘብ፥ ይህ ሁሉ በአንድ ቍልፍ ይዘጋና ቍልፉን የቤቱ እመቤት በመቀነቷ ቋጥራ ትይዘው ነበር። ዛሬ ግን ያ ሣጥን በኪስ የሚገባ ስልክ ሆኗል። ደብዳቤውም፥ ፎቶግራፉም፥ የባንኩም ሒሳብ፥ የዕቁብና የዕድር መዝገብ ሳይቀር በዚያው ውስጥ ይገኛል። ሣጥን ሲሰበር ዐናጢ እንደሚጠራ ሁሉ፥ ይህም መሣሪያ ሲታመም ሰው ይጠራል፤ የሚታዘዝለትም መድኀኒት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ሪሴት ይደረግ» የሚል ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ቃል ነው። ብዙ ሰው ሪሴት ማለት መሣሪያው ከፋብሪካ እንደ ወጣበት ቀን ሆኖ እንደ ገና መጀመሩ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም፤ መደምሰስ ሌላ፥ ማደስ ሌላ ነውና። በተደመሰሰው ቦታ የሚገባው ጽሕፈት ከማን እጅ እንደ መጣ ሳይታወቅ የተቀበሉት እንደ ሆነ፥ ታደሰ ያሉት መሣሪያ ከቀድሞው የከፋ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፥ የእኛ ናቸው ካላልን በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነን እንጂ የኤሌክትሮኒክ ዐዋቂ አይደለንም። ነገር ግን አንድ ጽሕፈት በፊታችን ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው «ይህ ግልባጭ ከየትኛው ዋና ተገለበጠ? ማንስ ፈረመበት?» የሚለውን ነው። በልጅነታችን በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን፥ መምህራችን የጻፍነውን ከዋናው መጽሐፍ ጋራ ቃል በቃል ሳያስተያዩ አይቀበሉንም ነበር። ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪያችን ድምሩን ብቻ ሳይሆን መፈተኛውን ጭምር እንድናሳይ ያዙን ነበር። ስለ መሣሪያ እድሳት ያነበብነውንና ያየነውን በዚሁ በለመድነው ሚዛን ብንመዝነው፥ ጥያቄው ያው ሆኖ አገኘነው።

የስልክን አሠራር በአጭሩ ብንገልጠው፥ ማከማቻው ሁለት ዋና ክፍሎች እንዳሉት ቤት ነው። አንደኛው ክፍል መሣሪያውን የሚያስነሣውና የሚያስተዳድረው፥ ስርዓተ ክወና የሚባለው ሶፍትዌር የሚኖርበት ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ የሚያስገባው ፎቶግራፍ፥ መልእክት፥ መተግበሪያና የይለፍ ቃል የሚቀመጥበት ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ የፋብሪካ ዳግም ማስጀመር በታዘዘ ጊዜ የሚጠፋው ሁለተኛው ክፍል ነው። በዛሬዎቹ ስልኮች ይህ ክፍል የተመሰጠረ ስለ ሆነ፥ ማጥፋቱ የሚፈጸመው የምስጢሩን መክፈቻ በመጣል ነው፤ መክፈቻው ከጠፋ በኋላ የቀረውን ጽሕፈት ማንም ሊያነበው አይችልም። አንደኛው ክፍል ግን እንደ ነበረ ይቀራል።

ከዚህም ሁለት ነገር ይከተላል። መጀመሪያ፥ የጠፋው የባለቤቱ ንብረት አስቀድሞ ቅጂ ካልተወሰደለት በቀር አይመለስም። ሁለተኛም፥ ክፋቱ ያለው በአንደኛው ክፍል ውስጥ የሆነ እንደ ሆነ፥ ሪሴት አሥር ጊዜ ቢደጋገም አይነካውም።

ይህም በሐሳብ ብቻ የተባለ አይደለም። በ2019 ኤክስሄልፐር የተባለ ክፉ ፕሮግራም በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ተገኘ፤ ባለቤቶቹም ስልካቸውን ሪሴት ቢያደርጉ ተመልሶ ይመጣባቸው ነበር። በ2020 ካስፐርስኪ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ መርምሮ እንደ ገለጠው፥ ፕሮግራሙ ያረጁ የአንድሮይድ ዕትሞችን ቀዳዳ ተጠቅሞ ራሱን በስርዓተ ክወናው ክፍል ውስጥ ይተክል ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ደግሞ ነገሩ ወደ አገራችን የሚደርስ ሆነ። ቴክኖ ደብሊው 2 በተባሉ ስልኮች ላይ ይኸው ኤክስሄልፐርና ትሪያዳ የተባለው ሌላ ፕሮግራም መገኘታቸው፥ ከተገኙባቸውም አገሮች ኢትዮጵያ፥ ካሜሩን፥ ግብፅ፥ ጋናና ደቡብ አፍሪካ እንዳሉበት ተገልጦ ታተመ። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ ገንዘብ የሚያስከፍል አገልግሎት ያስመዘግቡ ነበር። አምራቹ በበኩሉ ነገሩ በአቅርቦቱ መንገድ ላይ ካለ ከሌላ ወገን የመጣ መሆኑን፥ ማረሚያም ማውጣቱን አስታወቀ። እንዲህ ላለው ሕመም መድኀኒቱ መደምሰስ ሳይሆን፥ አምራቹ ራሱ ያወጣውን የታረመ ሶፍትዌር መጫን ነው።

በቤተ ዘመዳችን የደረሰውንም አንድ ነገር እንናገር። የባለቤታችን አክስት፥ እኛ እትዬ የምንላቸው፥ ጅዳ የምትኖር ልጃቸው የላከችላቸው ስልክ ነበራቸው። ስልኩ እየዘገየ ቢያስቸግራቸው ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰዱት። ጠጋኙም «ፍላሽ ይደረጋል» ብሎ ከኮምፒዩተሩ አንድ ሶፍትዌር ጫነበትና በሰዓቱ መለሰላቸው። እትዬም ደስ ብሏቸው ገንዘቡን ከፈሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ወደ ቤታችን መጥተው፥

«ልጄ፥ ታድሶልኛል ብዬ ነበር፤ የሞላሁት ካርድ ግን ሳልደውልበት ያልቃል። ሲከፈትም እንግሊዝኛ ይጽፍብኛል፤ የማላውቃት ሴትም ሽቶ ግዢ እያለች ትመጣብኛለች» አሉን።

እኛም «እትዬ፥ ከመታደሱ በፊት በውስጡ የነበረውን ቅጂ ወስደውልዎታል?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ቅጂ ማለት የጋሼን ድምፅ ነው? እሱማ እዚያው ውስጥ አለ። እኔ መክፈቱን አላውቅበትም እንጂ፤ አንተ ትከፍትልኛለህ ብዬ ነው የመጣሁ» አሉ።

ባለቤታቸው ከማረፋቸው በፊት በታመሙበት ወራት የተናገሯቸው ዘጠኝ ቃሎች በዚያ ስልክ ተቀርጸው ነበር። ገሚሱ ምክር፥ ገሚሱ ጨዋታ፥ አንዱም የዕድሩ ገንዘብ ለማን እንደሚከፈል የሚናገር ነበር። ስልኩን ብንመረምረው አንዳቸውም አልነበሩም። ይህንንም ለመናገር ጥቂት ዘገየን፤ እሳቸውም ከመናገራችን አስቀድመው ከፊታችን ተረዱት።

በኮሌጅ ኮምፒዩተር የሚማረው የወንድማችን ልጅ ሲያየው፥ ሲነሣ የሚጽፈው እንግሊዝኛ የስልኩ የማስነሻ መቈለፊያ እንደ ተከፈተና የሶፍትዌሩ ትክክለኛነት ሊረጋገጥ እንደማይቻል የሚያስጠነቅቅ ቃል ሆኖ ተገኘ። የተጫነውም ሶፍትዌር የአምራቹ አልነበረም፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ማስታወቂያና ሌላም ነገር ጨምሮ ያሰናዳው ነበር። ልጁም የስልኩን ትክክለኛ የሞዴል ቍጥር አንብቦ፥ ከአምራቹ ከራሱ ገጽ ዋናውን ሶፍትዌር አምጥቶ ጫነውና መቈለፊያውን መልሶ ዘጋው። ማስጠንቀቂያውም ጠፋ፤ ካርዱም ማለቁን ተወ። ከዘጠኙ ቃሎች ግን የተረፈው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ጅዳ ላለችው ልጃቸው አስቀድሞ በቴሌግራም ተልኮ ስለ ነበር ነው። የቀሩትን ስምንቱን ግን፥ ከላይ እንደ ተናገርነው መክፈቻቸው ስለ ጠፋ፥ የትኛውም ባለሙያ ሊመልሳቸው አልቻለም።

እንግዲህ ዋናው ሶፍትዌር ከሐሰተኛው በምን ይለያል? በማኅተሙ ነው። አምራቹ ሁለት ቍልፎች አሉት። አንዱን በምስጢር ይዞ ሶፍትዌሩን ይፈርምበታል፤ ሁለተኛው የፊርማው መመርመሪያ ሲሆን በመሣሪያው ውስጥ የተቀረጸ ነው። መሣሪያው ሲነሣ የመጀመሪያው ክፍል የሁለተኛውን ፊርማ ይመረምራል፤ ሁለተኛውም የሚቀጥለውን፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይደርሳል። በመካከል አንዲት ፊደል የተለወጠች እንደ ሆነ ፊርማው አይስማማም። በእኛ መዝገብ ቤት ማኅተም የሌለውን ግልባጭ ለመዝገብ እንደማንቀበለው ነው።

በአንድሮይድ ይህ ምርመራ የተጀመረው በ2013 በወጣው በ4.4 ዕትም ነው። በ2017 ከወጣው ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ደግሞ፥ ፊርማው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ቀዳዳው የታወቀ አሮጌ ዕትም ተመልሶ እንዳይጫን የሚከለክል ዘዴ ተጨመረበት። ስልኩ ሲነሣ የሚያሳየው የማስጠንቀቂያ ቀለምም ትርጕም አለው። ብርቱካናማ ሲሆን መቈለፊያው ተከፍቷል፥ ምርመራም የለም ማለት ነው፤ ቢጫ ሲሆን የተመረመረው በአምራቹ ሳይሆን በሌላ ሰው ቍልፍ ነው ማለት ነው፤ ቀይ ሲሆን ምርመራው ወድቋል ማለት ነው። ገዝተው ወይም አስጠግነው የተቀበሉት ስልክ ከእነዚህ አንዱን ካሳየ፥ ምክንያቱ ሳይታወቅ የባንክ ሥራ ሊሠሩበት አይገባም።

በአፕል ስልኮች ሥርዓቱ የጠበቀ ነው። አይፎን በገመድ ከኮምፒዩተር ጋራ ተገናኝቶ ሲታደስ፥ ለዚያው ለአንዱ ስልክ ብቻ የሚሆን የተፈረመ ፈቃድ ከአፕል ሰርቨር ይጠየቅለታል። አፕል መፈረሙን የተወውን የቈየ ዕትም መጫን አይቻልም። ስለዚህም እድሳቱ ያለ ኢንተርኔት አይፈጸምም።

ስለ ኮምፒዩተርም ነገሩ ይኸው ነው። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዳግም ማስጀመሪያ ሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው በመሣሪያው ውስጥ ካለው ፋይል ማደስ ነው፤ ሁለተኛው ከ2020 ጀምሮ የተጨመረው፥ አዲሱን ቅጂ ከማይክሮሶፍት በኢንተርኔት ማውረድ ነው። በውስጥ ያለው ፋይል ተበላሽቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ሁለተኛው ይሻላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፥ ኮምፒዩተሩ የሚችል ከሆነ ሲታደስ ወደ ዊንዶውስ 11 ማለፍ ይገባዋል።

ከስርዓተ ክወናው በታችም ሌላ ሥር እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። በ2018 ኢሴት የተባለው ኩባንያ ሎጃክስ የተባለ ክፉ ፕሮግራም ማግኘቱን ገለጠ። ይህ ፕሮግራም የሚቀመጠው ኮምፒዩተሩን በመጀመሪያ በሚያስነሣው ቺፕ ውስጥ ስለ ነበር፥ ዊንዶውስ እንደ ገና ቢጫንም፥ ዲስኩም ቢለወጥ እንኳ አይጠፋም ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚደርስ ባይሆንም፥ የቺፑንም ሶፍትዌር ዝማኔ ከኮምፒዩተሩ አምራች እየተቀበሉ መጫን የሚገባው ስለዚህ ነው።

አንዳንድ አንባቢም «ከአምራቹ ገጽ ካወረድሁት ከዚህ በላይ ምን ልመርምር?» ይል ይሆናል። ለዚህም ምሳሌ አለን። በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 ሊኑክስ ሚንት የተባለው ስርዓተ ክወና የሚታደልበት ገጽ በሌቦች ተሰብሮ፥ የ17.3 ሲናመን ዕትም የሚወርድበት ማገናኛ የኋላ በር ወደ ተከፈተለት ፋይል እንዲመራ ተደርጎ ነበር። የዚያን ቀን ከትክክለኛው ገጽ ሐሰተኛውን የወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ሁለት መመርመሪያ አለ። አንደኛው ኤስኤችኤ-256 የሚሉት የፋይሉ አሻራ ነው። ይህም 64 ፊደላትና ቍጥሮች ያሉት መስመር ሲሆን፥ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መስመሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ከወረደው ፋይል የተሰላውን አሻራ አምራቹ ካሳተመው ጋራ ማስተያየት ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ፊርማው ነው። አሻራው ከፋይሉ ጋራ በአንድ ገጽ የተለጠፈ እንደ ሆነ፥ ገጹን የሰበረ ሰው ሁለቱንም ሊለውጣቸው ይችላልና፤ የአምራቹ የምስጢር ቍልፍ የሌለው ሰው ግን ፊርማውን ሊያስመስል አይችልም።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ሁሉ መሣሪያ ከማሳደሱ በፊትና በኋላ ሊጠብቃቸው የሚገባውን በተራ እንጻፍ።

አንደኛ፥ ቅጂ ይወሰድ። ፎቶግራፉ፥ ድምፁ፥ የስልክ ቍጥሩ በሌላ መሣሪያ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ምትኬ ይደረግለት። ተወሰደ ብሎም ማመን አይበቃም፤ ከቅጂው አንዱን ከፍቶ ማየት ይገባል።

ሁለተኛ፥ የመለያው ስምና የይለፍ ቃል ይታወቅ። አፕል ከ2013፥ አንድሮይድም ከ2015 ጀምሮ፥ ሌባ የሰረቀውን ስልክ ደምስሶ እንዳይጠቀምበት፥ ከተደመሰሰ በኋላ የቀድሞውን ባለቤት መለያ የሚጠይቅ መቈለፊያ አላቸው። ከውጭ አገር ለዘመዱ የተጠቀመበትን ስልክ የሚልክ ሰው መለያውን አስቀድሞ ያውጣለት። ሳያወጣ የላከ እንደ ሆነ ተቀባዩ የማይከፈት ስልክ ይዞ ይቀራል፤ «ጂሜል እናልፋለን» ወደሚሉትም ሰዎች ይሄዳል፤ ያልታወቀው ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚያ በር ነው።

ሦስተኛ፥ መብራት ይታሰብበት። ሶፍትዌር በሚጫንበት መካከል ኀይል ከተቋረጠ መሣሪያው ላይነሣ ይችላልና፥ የስልኩም የኮምፒዩተሩም ባትሪ አስቀድሞ ይሞላ።

አራተኛ፥ ትክክለኛው የሞዴል ቍጥር ይነበብ። በገበያ አንድ ስም ያላቸው ስልኮች በውስጣቸው የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። የአንዱ ሶፍትዌር በሌላው ላይ ሲጫን ስልኩን ሊገድለው ወይም 15 አኃዝ ያለውን መለያ ቍጥሩን ሊያጠፋው ይችላል። ይህም ቍጥር ኮከብ፥ መሰላል፥ 06፥ መሰላል ሲደወል ስለሚታይ፥ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ።

አምስተኛ፥ ሶፍትዌሩ ከአምራቹ ብቻ ይምጣ፤ ፊርማውም ይመርመር። የማስነሻው መቈለፊያ ለሥራ የተከፈተ እንደ ሆነ፥ በመጨረሻ መልሶ ይዘጋ። ነገር ግን የሚዘጋው ዋናው ሶፍትዌር መጫኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ በሐሰተኛው ላይ የተዘጋ ስልክ ላይነሣ ይችላልና።

ስድስተኛ፥ ከእድሳቱ በኋላ አስቀድሞ ዝማኔው ሁሉ ይጫን፤ የባንክና የገንዘብ መተግበሪያ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱም ከሕጋዊው የመተግበሪያ መደብር እንጂ በቴሌግራም ከተላከ ፋይል አይሁን። ቀድሞ በነበረው መሣሪያ ላይ ጥርጥር ከነበረ፥ የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ ይለወጡ። አምራቹ የደኅንነት ዝማኔ መስጠቱን የተወለትን ስልክ ለጨዋታና ለዜና ቢይዙት እንጂ ለገንዘብ ባያውሉት ይሻላል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ጠጋኞችን ለማማት አይደለም። ብዙዎቹ በእጃቸው ሥራ እናት አባታቸውን የሚጦሩ፥ ብልህና ታማኝ ወጣቶች ናቸው። ነገር ግን ታማኝ ሰው መጠየቁን አይጠላም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፤ «የሚጫነው ሶፍትዌር ከየት መጣ? መቈለፊያው ይከፈታልን? ከሥራው በኋላስ ይዘጋልን?» የሚል ነው። ሲም ካርዱና የማከማቻ ካርዱ ይውጣ፤ የባንክ የምስጢር ቍጥር ለማንም አይነገር፤ የሚቻልም ቢሆን ሥራው እስኪፈጸም አጠገቡ ይቀመጡ። በእኛ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 ያለ ፈቃድ የሰውን የኮምፒዩተር ዳታ ማየትንና ማበላሸትን ይቀጣል፤ ሆኖም ከፍርድ ቤት ደጅ ሆነን እንዳየነው፥ ፍርድ የበደለውን ይቀጣል እንጂ የጠፋውን ድምፅ አይመልስም።

ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፥ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በቤታችሁ ካሉት ሽማግሌዎች መካከል ስልካቸውን ራሳቸው የማያስተዳድሩ ይኖራሉ። ዛሬ ማታ ስልካቸውን በፈቃዳቸው ተቀብላችሁ፥ በውስጡ ያለውን ፎቶግራፍና ድምፅ ቅጂ ውሰዱላቸው፤ የሞዴሉንና የመለያውን ቍጥር በደብተር ጻፉላቸው፤ ሲነሣም የሚጽፈው ነገር ቢኖር አንብቡላቸው። ሥራው ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ አይሆንም።